ስለ ዝሆን ጉልበትና ስለ ባቢሌ ያልተጻፈው መጽሐፍ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? የመጻሕፍት ዓምዳችሁ ሰሞኑን ለልጆች ስለሚነበቡ የእንስሳት ታሪኮች ያወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንበሳውም፣ ጅቡም፣ ጦጣዋም በየተራቸው ተነሥተዋል። ዝሆን ግን «የኃያልነት ምልክት» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታለፈ። እኔ የምኖረው ሐረር ነው። ከከተማችን ወረድ ብሎ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ዛሬም ዝሆን አለ፤ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተከለለውም እነዚህኑ ለመጠበቅ ነው። ለእኛ ዝሆን ጎረቤት ነው። ስለዚህ ዝሆንን በሚመለከቱ መጻሕፍት ላይ ለብዙ ጊዜ በልቤ ይዤው የኖርኩትን እንድጽፍላችሁ ፍቀዱልኝ።

እስከ ጡረታዬ ድረስ የሠራሁት በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከባቢሌ በኩል መጥቶ ዘመዶቹ ዘንድ ተጠግቶ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ማሽላ ያርሳሉ። ማሽላው ሲያሽት ዝሆኖቹ በሌሊት እንደሚመጡ፣ አባቱና አጎቶቹ ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ እሳት እያነደዱ ሲከላከሉ እንደሚያድሩ፣ ዝሆን የቁልቋል ፍሬ ከነእሾሁ እንደሚበላ ይነግረኛል። ነግሮኝ ሲያበቃ «እትዬ አስካለ፣ የዝሆን መጽሐፍ የለም?» ይለኛል። ከመደርደሪያው ያለኝን አወጣሁለት። በአንደኛው ጥንቸል ዝሆንን ታታልለዋለች። በሌላው ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል። ሦስተኛው ባለ ሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ የሕንድ ዝሆን በወርቅ ጥልፍ ተሸልሞ ቆሞበታል። ልጁ ሁሉንም አገላበጠና «ይኼ ተረት ነው፤ ያ ደግሞ የሌላ አገር ነው» ብሎ መለሰልኝ። የሚበልጥ የምሰጠው አልነበረኝም።

ዝሆን በምሳሌነት የተጻፈበት መጽሐፍ አጥተን ግን አይደለም። እንዲያውም እጅግ የቆየ አለን። ፊሳልጎስ የሚባለው፣ እንስሳትን ለሃይማኖት ትምህርት ምሳሌ የሚያደርገው መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ጀርመናዊው ፍሪትስ ሆሜል የግዕዙን ንባብ ከነትርጉሙ ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበሩ የዝሆኑን ታሪክ ከማንበቤ በፊት የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ኋላ አንድ ወዳጄ የሆሜልን እትም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ላከልኝና ዳዊት በደገምኩበት ግዕዝ ቀስ እያልኩ አነበብኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዝሆን ጉልበት አይታጠፍም፤ ከወደቀ መነሣት አይችልም። ስለዚህ የሚተኛው ዛፍ ተደግፎ ነው። አዳኙ ይህን ያውቃልና አስቀድሞ ሄዶ ዛፉን ሊቆረጥ ጥቂት እስኪቀረው ይገዘግዘዋል። ዝሆኑ መጥቶ ሲደገፍ ከነዛፉ ይወድቃል፤ ይጮኻል። አንድ ትልቅ ዝሆን ጩኸቱን ሰምቶ ይመጣል፤ ሊያነሣው አይችልም። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ አሥራ ሁለት ዝሆኖች ይመጣሉ፤ እነሱም አይችሉም። በመጨረሻ የሁሉንም ጩኸት ሰምቶ አንድ ትንሽ ዝሆን ይመጣና ኩምቢውን ከሥሩ አስገብቶ የወደቀውን ያነሣዋል። የወደቀው አዳም ነው። ትልቁ ዝሆን ኦሪት፣ አሥራ ሁለቱ ነቢያት ናቸው። ትንሹ ዝሆን ራሱን ዝቅ አድርጎ የባሪያን መልክ የያዘው ክርስቶስ ነው። አባቴ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ከየትኛውም አገር ከዚህ የሚበልጥ የዝሆን ምሳሌ አላነበብኩም።

ነገር ግን ያ ዘመን ምን ዓይነት ዘመን እንደነበረ አስቡ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ወደቦች የዘረዘረው ግሪካዊ ነጋዴ፣ የዝሆን ጥርስ በአክሱም በኩል ወደ አዱሊስ እንደሚወርድ፣ አልፎ አልፎም ዝሆኖቹ ራሳቸው አዱሊስ አቅራቢያ ባሕሩ ዳር እንደሚታዩ ጽፏል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ፣ ኢትዮጵያውያን ዝሆን የመግራት ልማድ እንደሌላቸው፣ ንጉሡ ለትርኢት አንድ ሁለት ሲፈልግ ብቻ ግልገሉን ይዘው እንደሚያሳድጉ ይነግረናል። የታሪክ ጸሐፊው ዮሐንስ ማላላስ ደግሞ የቢዛንታይን መልእክተኛ ሲቀበል ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ እንደነበር ጽፏል። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ኖኖሶስ ነው። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ሆኖ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ በመንገዱ አጋማሽ፣ አውዌ በሚባል ስፍራ አጠገብ፣ አምስት ሺህ ያህል ዝሆን በአንድ ሜዳ ተሰማርቶ አየ። የአገሬው ሰዎች ሊጠጓቸውም ሆነ ከግጦሹ ሊያባርሯቸው እንደተቸገሩ ጭምር ጽፏል። የኖኖሶስ መጽሐፍ ጠፍቷል። ይህን የምናውቀው ፎትዮስ የቁስጥንጥንያው ሊቅ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንብቦ ስላሳጠረው ብቻ ነው።

እንግዲህ የግዕዙ ተርጓሚ «ጉልበቱ አይታጠፍም» ብሎ ሲጽፍ፣ ዝሆኖቹ በዚያው በአክሱም መንግሥት ምድር ጉልበታቸውን እያጠፉ ዳገት ይወጡ፣ ጭቃ ውስጥ ይንበረከኩ ነበር። ተርጓሚውን አልነቅፍም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለነፍስ ነው፣ ሥራውንም ሠርቷል። ነገሩም ጨርሶ መሠረት የለሽ አይደለም። ዝሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀላፋው ቆሞ ነው። ቦትስዋና ውስጥ ሁለት መሪ እናት ዝሆኖች ላይ መለኪያ ተገጥሞ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በቀን የሚተኙት ሁለት ሰዓት ያህል እንደሆነ፣ ጋደም የሚሉትም በሦስትና በአራት ቀን አንዴ እንደሆነ አሳይቷል። ዝሆን ተኝቶ ማየት ብርቅ ነውና ከሩቅ የሚያይ ሰው አይንበረከክም ቢል አይፈረድበትም። ከቅርብ የሚያዩት ግን ነበሩ። የአውዌ እረኞች፣ ግጦሻቸውን ከዝሆን ለማስለቀቅ ሲታገሉ የሚውሉት፣ ጉልበቱን ቀርቶ አካሄዱን፣ ቁጣውን፣ እናቲቱ ግልገሏን የምትጠራበትን ድምፅ ያውቁ ነበር። የእነሱ ዕውቀት ግን መጽሐፍ አልሆነም። የባቢሌው ልጅ አባትና አጎቶች ዕውቀትም እስከ ዛሬ መጽሐፍ አልሆነም። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

በከተማችን ቁርኣን ቤት የሚማሩ ልጆች ሱረቱል ፊልን፣ ማለትም የዝሆንን ምዕራፍ፣ ገና በልጅነታቸው በቃላቸው ይይዛሉ፤ አምስት አንቀጽ ናት። በዝሆን ተጉዞ ካዕባን ሊያፈርስ የመጣው አብርሃ በየመን የነገሠ የአክሱም ሰው ነው። ጎረቤቴ ሐጂ እንደነገሩኝና በነቢዩ የሕይወት ታሪክ መጻሕፍትም እንዳለው፣ ማሕሙድ የሚባለው ዝሆን ወደ መካ ሲነዱት ተንበረከከ። ቢደበድቡት አልነሣም አለ። ፊቱን ወደ የመን ሲያዞሩለት ግን ተነሥቶ ሮጠ። እዚህ ዝሆን ጉልበት አለው፤ ጉልበቱንም አልታዘዝም ለማለት ያጥፈዋል። በእኔ ዕይታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንስሳው በራሱ ጠባይ፣ በራሱ እምቢታ የታሪኩን ፍሬ ይሸከማል።

ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ በአማርኛ የምናገኘው ዝሆን ብዙውን ጊዜ የተሸነፈ ነው። በፉከራችን «ዝሆን ገዳይ» ማዕረግ ነበር። በተረታችን ግዙፍና የሚታለል ነው። ልንሰማ የማንፈልገውን ነገር ሲነግሩን «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» እንላለን።

ሌሎች አገሮችም ዝሆንን ምሳሌ አድርገው ጽፈውበታል። ሮሜን ጋሪ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1956 የጎንኩርን ሽልማት ባገኘበት ልቦለዱ፣ በናዚ ካምፕ የታሰሩ ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው በሜዳ የሚጋልቡ ዝሆኖችን እያዩ ነፃነትን እንደሚያስቡ ይተርካል። ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ግን ጆሞ ኬንያታ «ፌሲንግ ማውንት ኬንያ» በሚለው እ.ኤ.አ. የ1938 መጽሐፉ ያስገባው ተረት ነው። ዝናብ ሲመጣ ዝሆኑ «ኩምቢዬን ብቻ ላስገባ» ብሎ የሰውየውን ጎጆ ይለምናል፤ ገብቶ ባለቤቱን ያስወጣዋል። ሰውየው ሲጮህ አንበሳው አጣሪ ኮሚሽን ያቋቁማል፤ የኮሚሽኑ አባላት በሙሉ የጫካው ባለሥልጣኖች ናቸው፤ ለሰውየው የሚፈርድለት የለም። መሬቱን ለነጭ ሰፋሪዎች የተነጠቀ የኪኩዩ ገበሬ ይህን ሲሰማ ዝሆኑ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። ኬንያታ ይህን መጽሐፍ ከማሳተሙ ሦስት ዓመት በፊት፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የተቋቋመው የአፍሪካውያን ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ተረቱን ለልጆች በአማርኛ ባነበብኩላቸው ቁጥር እንደ ራሳቸው ታሪክ ነበር የሚሰሙት።

ኬንያን የማደንቃት ግን በዚያ ስላላበቃች ነው። ዝሆን ቀማኛ ከሆነበት ተረት ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ከዚያው አገር ዝሆን ዝሆን ብቻ የሆነበት መጽሐፍ ወጣ። ሲንቲያ ሞስ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1972 በኪሊማንጃሮ ግርጌ ባለው አምቦሴሊ የዝሆን ጥናት ጀመረች። በ1988 ያሳተመችው መጽሐፍ የአንድ የዝሆን ቤተሰብ የአሥራ ሦስት ዓመት ኑሮ ነው። ሥራዋ የተመሠረተው ማንም ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ሊሠራው በሚችለው ነገር ላይ ነው፤ በጆሮ ላይ። የእያንዳንዱ ዝሆን ጆሮ ጠርዙ የተቀደደበት፣ የተበሳበት፣ የደም ሥሩ የተዘረጋበት መልክ የተለያየ ነው። ፎቶ አንስታ፣ ጥርሱን መዝግባ፣ እያንዳንዱን ቤተሰብ በፊደል ሰየመች፤ የዚያ ቤተሰብ ልጆች ስም በዚያው ፊደል ይጀምራል። በዚህ መንገድ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በድርቅ እንደሞተ፣ ማን በጦር እንደተወጋ ታወቀ። ዝሆን ሃያ ሁለት ወር አርግዞ የሚወልድ፣ በአሮጊቶች የሚመራ ቤተሰብ እንደሆነ ሁላችንም በደፈናው ሰምተን ይሆናል። በሞስ መጻሕፍት ግን አሮጊቷ ስም አላት፤ ከእነዚህ አንዷ ኤኮ ትባል ነበር።

ሞስ ከዚያ በኋላ ስለ ኤኮ ቤተሰብ ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍ እንደምትተርከው፣ ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1990 ኤሊ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። ሲወለድ የፊት እግሮቹ መጋጠሚያ ታጥፎ ቀረ፤ ሊዘረጋለት አልቻለም። በታጠፈው ላይ እየዳኸ ጡት ለመድረስ ይታገል ነበር። መንጋው ለግጦሽና ለውኃ ሲሄድ ኤኮና ኤኒድ የተባለችው ታላቅ እኅቱ ከእሱ ጋር ቀሩ። ኤኒድ ልታነሣው ስትሞክር እናቲቱ በቀስታ ትከለክላታለች። ሦስት ቀን ያህል እንዲህ ቆዩ። ከዚያ ኤሊ እግሮቹን ዘረጋ፤ መሬት ረግጦም ቆመ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ የአባቴን ፊሳልጎስ ነው ያወጣሁት። የማይታጠፍ ጉልበት እዚያ፣ የማይዘረጋ ጉልበት እዚህ። በሁለቱም የወደቀ አለ፤ በሁለቱም ጥለውት የማይሄዱ አሉ።

ይህ የአጋጣሚ መመሳሰል ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በኬንያ ሰሜን በሳምቡሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሌኖር የተባለች መሪ እናት ወደቀች። ግሬስ የተባለች የሌላ ቤተሰብ መሪ ፈጥና መጥታ በጥርሶቿ ደግፋ አነሣቻት። ኤሌኖር እንደገና ወደቀች፤ በማግስቱም ሞተች። ኢየን ዳግላስ-ሃሚልተንና ባልደረቦቹ ይህን መዝግበው በ2006 አሳትመውታል። የግዕዙ መጽሐፍ በጉልበቱ ነገር ተሳስቷል። የወደቀውን ሊያነሡ ይመጣሉ ባለው ግን እውነቱን ነው የተናገረው። ያንን ያረጋገጠልን ሰው ዝሆንን ምሳሌ ሳያደርግ ዓመታት ተቀምጦ ያየው ሰው ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያላነበበ ልጅ ይህን አያገኝም፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ሁለተኛው በቋንቋቸው ቀርቦላቸው አያውቅም።

አገራችን በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ያከማቸችውን የዝሆን ጥርስ፣ 6.1 ቶን፣ አዲስ አበባ ላይ አቃጠለች። ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ ዜናውን በደስታ ነው የሰማሁት። ግን ያ ሁሉ ጥርስ የስንት ኤኮዎች፣ የስንት ኤኒዶች እንደነበረ የሚነግረን አንድም ገጽ አላነበብኩም። በ2012 ዓ.ም. በማጎ ፓርክ ስምንት ዝሆኖች በአንድ ቀን መገደላቸው ሲነገር የሰማነው ቁጥራቸውን ነው። ስምንቱ አንድ ቤተሰብ ነበሩ? መሪያቸው ማን ነበረች? ይህን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ኖሮ አንባቢው እንደ ቁጥር አያልፋቸውም ነበር።

አንዳንድ ሰው «ዝሆን ማሽላዬን በልቶብኛል፤ አንቺ መጽሐፍ ትያለሽ» ሊለኝ ይችላል። ማሽላው የተበላበት ገበሬ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ይግባ እላለሁ። የእሱን ኪሣራ የሚደብቅ የዝሆን መጽሐፍ ውሸት ነው፤ ባቢሌ ውስጥም የሚያምነው አያገኝም። መጠለያው የተከለለበት ምድር የሚታረስና የሚሰፈርበት ሆኗል። ዝሆኑ መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ማሳ ይገባል፤ ገበሬው ልጆቹን ሊያበላ ይከላከላል። ይህን ከነሕመሙ የጻፈ መጽሐፍ ከምንም የፖስተር ጥቅስ ይልቅ ልጆቻችንን ያስተምራል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። አንደኛ፣ አሳታሚዎች የአምቦሴሊዎቹን መጻሕፍት ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቀው በአማርኛ ያውጡልን። ሳቫናው አንድ ነው፤ የኬንያው ዝሆን የእኛም ነው። ሁለተኛ፣ የፊሳልጎስ የዝሆን ምዕራፍ ከግዕዙ ጋር ጎን ለጎን በቀላል አማርኛ ተዘጋጅቶ በትምህርት ቤቶች ይነበብ። ሦስተኛውና ዋናው፣ የባቢሌ መጽሐፍ ይጻፍ። የመጠለያው ስካውቶች ለዓመታት በእግራቸው ተከትለዋቸዋል። የትኛዋ ጆሮዋ የተቀደደ እንደሆነ፣ የትኛው ወንድ ብቻውን እንደሚሄድ፣ በበጋ ውኃ የሚቆፍሩት የት የት እንደሆነ ያውቃሉ። እነዚህ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ዕውቀታቸው አብሮ ይወጣል። በዳውሮና በኮንታ ያላችሁ አንባቢዎችም ስለ ጨበራ ጩርጩራ ዝሆኖች እንዲሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ፤ የናንተ መንጋ እንዲያውም ይበረታል ሲሉ እሰማለሁ።

ጋዜጣችሁ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ቢፈቅድልን ሥራውን እንጀምራለን። በየወሩ የአንድ ዝሆን ታሪክ ከጆሮው ንድፍ ጋር፣ ከእሱም ሥር የአንድ ገበሬ ወይም የአንድ ስካውት ቃል። ንድፉን የሚሠሩ የሥዕል መምህር አግኝቻለሁ። እኔ ባቢሌ ሄጄ ቃላቸውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ እግሬ ገና አልደከመም። የሚጎድለኝ ኦሮምኛና ሶማልኛ አቀላጥፎ የሚጽፍ፣ የተነገረውን ሳይቀንስና ሳይጨምር የሚመዘግብ ወጣት ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ በእናንተ በኩል ይጻፍልኝ፤ አድራሻዬን ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ማሽላው የሚያሸተው በመከር ነውና ከዚያ በፊት ብንገናኝ ይሻላል።

አክባሪያችሁ
አስካለ፣ ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ሐረር